3.46875፦ በአንድ አሮጌ የፎርትራን ፕሮግራም ውስጥ የተገፋ ድንበር

ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የልጅነት ሰፈሬ ግርጌ አንዲት ጅረት ታልፋለች። በሐምሌና በነሐሴ ሞልታ መሻገሪያ ታሳጣናለች፤ በየካቲት ግን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጫማችንን ሳናወልቅ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየረገጥን እንሻገራት ነበር፤ አንዳንድ ዓመት እንዲያውም የምንረግጠው ድንጋይ መምረጥ ሳያስፈልገን አሸዋዋ ደርቆ ይጠብቀን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሰንጠረዥ ግን ይህችው ጅረት በየካቲት ወር በአማካይ በሰከንድ 400 ሊትር ያህል ውኃ ታፈስሳለች ይል ነበር።

ሰንጠረዡን ያወጣው ፕሮግራም የእኔ አይደለም። የጻፉት በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ መምህሬ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የየዕለቱን ዝናብ፣ ትነትና የአፈር እርጥበት ይዞ የወንዝን ፍሰት የሚያሰላ፣ ፎርትራን 77 በተባለው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ 3,000 መስመር የሚጠጋ ሥራ ነው። ጋሼ የጊልጌል ጊቤን የላይኛውን ተፋሰስ በ 12 ንዑስ ተፋሰሶች ከፍለው ይሠሩበት ነበር። እኔ ደግሞ ካርታውን ይበልጥ አጥርቼ 48 አደረግኩት፤ የልጅነት ጅረቴም 17ኛ ቁጥር ደረሳት።

ቁጥሩ የማይመስል ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ፍሰቱ ከዜሮ በታች ወይም በቢሊዮን የሚቆጠር ቢሆን፣ በአንድ ቀን ደርሼበት ነበር። የከበደኝ ነገር ሰንጠረዡ በጠቅላላው ማለፊያ መሆኑ ነው። የክረምቱ ሙላት በልኩ ነው፤ የወንዙ መውጫ ላይ ያለው የዓመት ድምር ከተለካው ብዙም አይርቅም። ጅረቷን በእግሬ ባልሻገራት ኖሮ ምንም ባልጠረጠርኩ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ጥርጣሬዬን ገፍቼ ረቂቅ ሰንጠረዡን ለአንድ መሥሪያ ቤት አስረክቤው ነበር።

አንድ መሬት፣ ብዙ ባለይዞታ

ለአይቢኤም 704 ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ 1957 ከወጣው ከመጀመሪያው ፎርትራን እስከ ፎርትራን 77 ድረስ ቋንቋው በሥራ ላይ ሳለ ሜሞሪ የሚጠይቅበትና የሚመልስበት የራሱ መንገድ አልነበረውም። አሬይ (የቁጥሮች ረድፍ) ስታውጅ መጠኑን በቁጥር ትጽፋለህ፣ የጻፍከውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ቦታውን ይቆርጥልሃል፣ ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ድረስ ቦታው እዚያው ይኖራል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ብሂል በዚያ ዘመን ለፎርትራን ጸሐፊ የዕለት ሕግ ነበር። አሳንሶ የመጠነ መረጃው አይገባለትም፤ አተልቆ የመጠነ ደግሞ ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ ጨርሶ አይጫንለትም።

ይሁን እንጂ ዛሬ 12 ነገ 30 ንዑስ ተፋሰስ የሚመጣበት ሰው ለእያንዳንዱ አሬይ ትልቁን መጠን አስቀድሞ ቢይዝ የዚያን ጊዜውን ማሽን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የዘመኑ ሰዎች ብልሃት ፈጠሩ። አንድ ትልቅ አሬይ ብቻ ያውጃሉ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች «ኤ» ይሉታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ኮመን በሚባለው የጋራ ስፍራ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲነሳ የንዑስ ተፋሰሶቹን ብዛት ከፋይል ያነብና መሬቱን መሸንሸን ይጀምራል። ዝናቡ ከኤን1 ይነሳል፤ ኤን2 ማለት ኤን1 ሲደመር የዝናቡ ርዝመት ነው፤ ኤን3 ደግሞ ኤን2 ሲደመር የሚቀጥለው ርዝመት፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። አንድ ሰብሩቲን (የፕሮግራሙ ንዑስ ክፍል) ሲጠራ ኤ(ኤን5) ተብሎ የመነሻው ስፍራ ብቻ ይሰጠዋል። ተጠሪው ያንን ተቀብሎ በራሱ ስም «ኤስ» ብሎ፣ በራሱ ርዝመት፣ እንደ ራሱ አሬይ ይሠራበታል፤ ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ ጎረቤት እንዳለው አያውቅም።

በጅማ ዙሪያ ቡና የሚደርቅበትን ረጅም አልጋ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አልጋው አንድ ነው፤ በላዩ የብዙ ሰው ቡና ተራ በተራ ተሰጥቷል፤ የእገሌ እዚህ ያበቃል፣ የእገሌ ከዚህ ይጀምራል የሚለው ወሰን በሠራተኛው ዘንድ ይታወቃል። ምልክቱ ከተነሳና ቡናው ከተቀላቀለ በኋላ ግን ፍሬው ራሱ የማን እንደሆነ አይናገርም። በሜሞሪ ውስጥ ያለ 32 ቢትም (32 የዜሮና የአንድ ምልክት) እንዲሁ ነው፤ ዝናብ ይሁን ትነት፣ ሙሉ ቁጥር ይሁን ነጥብ ያለው ቁጥር፣ በራሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለውም።

ይህን አሠራር ዛሬ ማናናቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በተማርኩት ቁጥር አክብሮቴ ጨምሯል። ቋንቋው ያልሰጣቸውን ተለዋዋጭ የሜሞሪ አያያዝ በመደመር ብቻ በእጃቸው ሠርተውታል። ልማዱም አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ 1992 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ላፓክ የተባለው የሊኒየር አልጀብራ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ሰብሩቲኖች ስብስብ) እስከ ዛሬ ድረስ የመሥሪያ ቦታውን ከጠሪው ፕሮግራም ይቀበላል፤ ምን ያህል እንደሚበቃው ለማወቅም የርዝመቱን ቁጥር −1 አድርጎ አንድ ጊዜ መጥራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ስሌት ሳይሠራ የሚፈልገውን መጠን ብቻ ይናገራል።

በአንድ ምሽት የለወጥኳቸው መስመሮች

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በቅን ሐሳብ የተሠራ ጥፋት ግን ነበር። የአፈር እርጥበቱ በየቀኑ ዝናብ እየተደመረበት፣ ትነትና ፍሰት እየተቀነሰለት ለ 30 ዓመት የሚሄድ ቁጥር ነው። በ 4 ባይት የሚቀመጠው፣ ሪያል የሚባለው ተራው ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ የሚይዘው 7 አኃዝ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቀን የምትንጠባጠበው ትንሽ ስህተት ትጠራቀማለች ብዬ ሰጋሁ። እርጥበቱን በሚነኩት ሰብሩቲኖች ውስጥ «ሪያል ኤስ» የሚለውን «ደብል ፕሪሲዥን ኤስ» አደረግኩት፤ ከሁለት መስመር የማይበልጥ ለውጥ ነው። ኮምፓይል አደረግኩት፤ አንድም ቅሬታ አላሰማም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያን ምሽት የቸኮልኩበትን ነገር ለመፍታት ሳምንታት ፈጀብኝ።

ደብል ፕሪሲዥን 8 ባይት ነው፤ በሪያል አሬይ ውስጥ የሁለት ሪያል ቦታ ይወስዳል። የኤን6 ድንበር ግን በሌላ ፋይል፣ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ፣ ኤን5 ሲደመር 48 ተብሎ እንደነበረ ቀርቷል። ስለዚህ 48ቱ የእርጥበት ቁጥሮች 96 ቦታ ይዘው ተዘረጉ፤ ሁለተኛው ግማሻቸው ከኤን6 በሚነሳው በጎረቤታቸው መሬት ላይ አረፈ። ጎረቤታቸው ትነቱ ነበር።

ኮምፓይለሩ ያልተቆጣው እያንዳንዱ ሰብሩቲን በየራሱ ፋይል ስላለና ፋይሎቹን ለየብቻ ስለሚያያቸው ነው፤ ጠሪው የላከውንና ተጠሪው የጠበቀውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያስተያይበት ቦታ የለውም። ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ ቢሆኑ ጂፎርትራን የተባለው ኮምፓይለር ከ 10ኛው ቨርዥን ጀምሮ እንዲህ ያለውን የዓይነት አለመጣጣም እንደ ስህተት ቆጥሮ ያስቆመዋል። ከዚያ የአሬይ ወሰን መቆጣጠሪያውን አብርቼ ሞከርኩ፤ እሱም ዝም አለ። ሰብሩቲኑ ኤስ 48 አባላት አሉት ይላል፤ ከ 48 በላይ ደግሞ አልነካም። ቫልግራይንድ የተባለውን የሜሞሪ መመርመሪያም አስነሳሁ፤ እሱም ምንም አላገኘም፤ ምክንያቱም ኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የፕሮግራሙ ሕጋዊ ይዞታ ነው። ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ላይ ድንበር ሲገፋፉ ከውጭ የሚያይ ሰው የሚያየው አንድ ማሳ ብቻ ነው። ደብሉ ለ 8 በእኩል ከማይካፈል የሜሞሪ አድራሻ ላይ ቢነሳ እንኳ የዛሬዎቹ ማሽኖቻችን ችለው ያልፉታል፤ እንደ ስፓርክ ያሉ የቀድሞ ማሽኖች ግን እንዲህ ያለውን አድራሻ አይቀበሉም ነበርና ፕሮግራሙ ወዲያው ይወድቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግትር ማሽን ለሰው ይጠቅማል።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ገና አላወቅኩም። የማውቀው የጅረቷ የካቲት ትክክል አለመሆኑን ብቻ ስለሆነ ያንን ያህል ጊዜ የአፈሩን የመያዝ አቅም፣ የከርሰ ምድሩን የመልቀቅ ፍጥነት፣ የሥሩን ጥልቀት ስጨምርና ስቀንስ ቆየሁ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሙያችን ለዚህ ዓይነቱ ራስን መሸንገያ የተመቸ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ የሚነካካ መለኪያ ይገኛል።

ባለ ካሬ ደብተር

በመጨረሻ ማድረግ የነበረብኝን የመጀመሪያ ነገር አደረግኩ፤ የመጀመሪያው ቀን ስሌት ሳይጀምር በኤ ውስጥ ያለውን ሁሉ አሳተምኩት። በትነቱ ስፍራ ላይ ከግብዓት ፋይሉ ያነበብኳቸው፣ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የሚለያዩ 48 ቁጥሮች መኖር ነበረባቸው። የታተመው ግን 0.0፣ 3.46875፣ 0.0፣ 3.46875፣ 0.0፣ 3.46875 እያለ እስከ ታች ይወርድ ነበር። በቀን ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ትነት ለጅማ አካባቢ ማንንም የማያስደነግጥ ቁጥር ነው። የጎዶሎ ተራዎቹ ዜሮ መሆን ግን የግብዓት ፋይሉ አጻጻፍ የተበላሸ መሰለኝና አንድ ሙሉ ቀን ፋይሉን ስመረምር ዋልኩ። ፋይሉ ንጹሕ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ በረንዳው ላይ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ሰጡኝ፤ እትዬ ቡናውን እያፈሉ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ስለ ጅረቷ ማስረዳት ስጀምር በእጃቸው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ፤ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተቱ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ዜሮና ቁጥር፣ ዜሮና ቁጥር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ደብል ያደረግኸው የቱን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ስለ ደብል አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር።

«የአፈሩን እርጥበት ነው፣ ጋሼ።»

«ኤን6ን አንቀሳቅሰሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡና የተማሪ የሂሳብ ደብተር ይዘው ተመለሱ፤ ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ፣ ባለ ካሬ ደብተር። ገለጡልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ካሬዎቹን በእርሳስ እየቀጠሉ የተሣለ አንድ ረጅም አልጋ ነበር፤ በላዩ ኤን1፣ ኤን2፣ ኤን3 እያለ እስከ ኤን14፤ በየክፍሉ ውስጥ በአማርኛ «ዝናብ»፣ «እርጥበት»፣ «ትነት»፣ «ፍሰት»፤ ከሥሩ ደግሞ የእያንዳንዱ ርዝመት። በሁለት ክፍሎች ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ደብል፤ ሁለት እጥፍ ቁጠር» የሚል ተጽፏል። እርጥበት በሚለው ክፍል ላይ ቀይ ነገር አልነበረም። የሚነሳበትን ድንበር ማለትም ኤን5ን፣ የሚያበቃበትን ድንበር ማለትም ኤን6ን በእርሳሱ ጫፍ አሳዩኝና «የጻፍከው ትክክል ነው፤ ቦታ ግን አልገዛህለትም» አሉኝ።

ቤቴ ተመልሼ እስከ እኩለ ሌሊት ቢቶቹን በወረቀት ላይ ዘረዘርኳቸው፤ ካላየሁት አይዋጥልኝም ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀምር የሁሉንም አፈር እርጥበት 120 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። 120 በደብል ሲጻፍ 64ቱ ቢት ለሁለት ይከፈላሉ፤ የታችኛው 32 ቢት ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው፤ ምልክቱን፣ ኤክስፖነንቱንና የቁጥሩን መጀመሪያ የያዘው የላይኛው 32 ቢት ደግሞ ብቻውን እንደ ተራ ሪያል ቢነበብ በትክክል 3.46875 ይሆናል። በእኛ ማሽኖች ላይ የታችኛው ግማሽ ቀድሞ ስለሚቀመጥ ጎዶሎ ተራዎቹ ዜሮ፣ ሙሉ ተራዎቹ 3.46875 ደረሳቸው። የ 17ኛዋ ጅረቴ ትነት ዜሮ የሆነው ስለዚህ ነው፤ አፈሯ በፀሐይ ስለማይደርቅ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ትለቃለች።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያየሁት ነው። እርጥበቱ በየቀኑ ሲለዋወጥ በስህተት የሚነበበው ትነትም አብሮ ይለዋወጣል፤ ግን በምን ያህል? እርጥበቱ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን 2.75 ይነበባል፤ 64 ሲሆን 3.25፤ 128 ሲሆን 3.5፤ 256 ሲሆን 3.75። ማለትም አፈሩ ከድርቀት እስከ ጥጋብ የትም ቢሄድ የሙሉ ተራዎቹ የውሸት ትነት ከ 2.75 እስከ 3.75 ካለው ክልል አይወጣም። ሆን ብዬ የሚታመን የውሸት ትነት ልፍጠር ብል ከዚህ የተሻለ አልፈጥርም ነበር። ጎዶሎዎቹ ደግሞ ዝናብ ከተደመረ በኋላ አንዴ እጅግ ትልቅ፣ አንዴ ከዜሮ በታች እየሆኑ ይዘሉ ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ ከዓመታት በፊት የጎደለ የመለኪያ መረጃ −99 እና 999 ተብሎ ስለሚመጣላቸው፣ ከዜሮ የሚያንስን ወይም ከ 12 የሚበልጥን ትነት ዜሮ የሚያደርግ መስመር አስገብተው ነበር። ያ መስመር የጮኸውን ሁሉ ዝም አሰኘው። ለጥንቃቄ የተጻፈ መስመር ጥፋትን ሲሸፍን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መረጃን በዝምታ የሚያርም መስመር ሳገኝ ቢያንስ ስንት ጊዜ እንዳረመ ቆጥሮ እንዲናገር አደርገዋለሁ።

ስለ ደብተሩ ግን አሁንም አስባለሁ። የኤ ድንበሮች ሙሉ ታሪክ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው መደመሩ ብቻ ነው፤ የትኛው ክፍል የምን ዓይነት እንደሆነ፣ የቱ ሁለት እጥፍ እንደሚቆጠር፣ ለምን እንደተቀመጠ የሚናገረው በአንድ ሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ የሂሳብ ደብተር ነው። ጋሼ በሥራ ላይ ሳሉ እሳቸው የሜሞሪው አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ፕሮግራሙን በፍላሽ ሲሰጡኝ አስተዳደሩ አብሮ አልመጣልኝም፤ እኔም እንዳልመጣ አላወቅኩም።

ድንበሩን ለቋንቋው መስጠት

ደረጃው እ.ኤ.አ. በ 1991 የታተመው ፎርትራን 90 አሎኬተብል አሬይን ይዞ መጣ። አሬዩን ስትጽፍ መጠኑን ክፍት ትተወዋለህ፤ የንዑስ ተፋሰሶቹን ብዛት ካነበብክ በኋላ በአሎኬት ትዕዛዝ ልኩን ትጠይቃለህ፤ ሲያበቃ በዲአሎኬት ትመልሳለህ። ስታት የሚባለውን መልስ ተቀባይ ካስቀመጥክለት ደግሞ ቦታ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ከመውደቅ ይልቅ ይነግርሃል። እርጥበቱ ደብል ከሆነ ደብል ብለህ ስለምታውጀው ሁለት እጥፍ መቁጠር የኮምፓይለሩ ሥራ ይሆናል፤ ቀይ እስክሪብቶው ወደ ቋንቋው ገባ ማለት ነው።

መጀመሪያ 3,000ውን መስመር ከሥሩ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ጋሼ ከለከሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። የሚሠራ ስሌት አይነካም። በኤ አሠራር ውስጥ ቦታ የሚሸነሽነው ክፍልና ስሌቱን የሚሠሩት ሰብሩቲኖች ቀድሞውኑ የተለያዩ ናቸው፤ ሰብሩቲኖቹ የሚቀበሉት የአሬይ መነሻና ርዝመት ብቻ ስለሆነ ቦታው ከየት እንደመጣ ግድ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ዋናውን ፕሮግራም ብቻ ከፈትኩ፤ ለ 14ቱ ክፍሎች 14 አሎኬተብል አሬዮችን በስማቸው አወጅኩ፤ ኤ(ኤን5) ይል የነበረውን «እርጥበት» በሚል ስም ተካሁት። ከሰብሩቲኖቹ ውስጥ የስሌት መስመር አንድም አልተነካም። አሎኬተብል አሬይ ኮመን ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድለት የጋራ የሆኑትን ሞጁል ወደሚባለው የፎርትራን 90 የጋራ መያዣ አዛወርኳቸው፤ ሰብሩቲኖቹንም ሞጁል ውስጥ አስገባኋቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ ኮምፓይለሩ ጠሪውንና ተጠሪውን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ሲጀምር እኔ ያላወቅኳቸውን ሁለት የዓይነት አለመጣጣሞች በዚያው ሰዓት አወጣቸው።

ለቦታ መጠየቂያ ፖይንተርን (የቦታ ጠቋሚን) መጠቀምም ይቻል ነበር፤ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞችም ክሬይ ፖይንተር የሚባለውን ከደረጃው ውጪ የሆነ መንገድ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱንም አልመረጥኩም። ፖይንተር ያያዘውን ቦታ ሳይመልስ ወደ ሌላ ሊዞር ስለሚችል የተረሳ ሜሞሪ ይከማቻል። አሎኬተብል ግን ከፎርትራን 95 ጀምሮ ሴቭ (ይዞ ይቆይ) ካልተባለ በስተቀር ከሰብሩቲኑ ሲወጣ ራሱ ይመለሳል። መጠኑ መሀል ላይ ማደግ ካለበትም ፎርትራን 2003 ያመጣው ሙቭ አሎክ የሚባለው አሠራር አዲሱን ሰፊ ቦታ ለአሮጌው ስም በሥርዓት ያስረክባል።

አንድ ነገር ግን አሞኘኝ። ለውጡን ጨርሼ ሳስነሳው ውጤቱ በየጊዜው ይለያይ ጀመር፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሌላ። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የቀድሞው ኤ በኮመን ውስጥ ሳለ ፕሮግራሙ ሲነሳ በማሽናችን ላይ በዜሮ ተሞልቶ ይገኝ ነበር፤ ዝናባማ ቀናትን የሚቆጥረው ክፍልም ያንን ተማምኖ ዜሮ ሳይደረግ በቀጥታ አንድ መደመር ይጀምር ነበር። አሎኬት ግን የሚሰጠው ባዶ መሬት አይደለም፤ የቀድሞው ተከራይ የተወው ሁሉ እዚያው ይገኛል። የድሮ ፕሮግራም ወደ አሎኬተብል የሚያዛውር ሰው ከእያንዳንዱ አሎኬት ቀጥሎ አሬዩን በግልጽ ዜሮ ቢያደርግ ብዙ መከራ ይቀርለታል። ሴቭ ሳይባሉ በሁለት ጥሪ መካከል ቁጥራቸውን ይዘው እንዲቆዩ የሚጠበቁ የውስጥ ተለዋዋጮችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ በቀድሞዎቹ ኮምፓይለሮች ይሠራ የነበረው ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

የተስተካከለው ሰንጠረዥ የጅረቷን የካቲት ወደ 6 ሊትር በሰከንድ አወረደው። ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ እንዲመለስ ጠየቅኩ፣ በምን ምክንያት እንደተሳሳተም በግልጽ አስረዳሁ። ከባድ ደብዳቤ ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ቁጥር ስለ ሰው መጠጥ ውኃ የሚወሰንበት ስለሆነ አንድ ቀን ማሳደር አልቻልኩም።

አዲሱን የዋና ፕሮግራም ገጽ አትሜ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ደብተራቸውን ከጎኑ ዘርግተው፣ የ 14ቱን ስሞች ከ 14ቱ ክፍሎች ጋር አንድ በአንድ በጣታቸው እያመሳከሩ አነበቡት። ኤን9 እና ኤን10 ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በደብተሩ ላይ ሁለቱ ስሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ተጽፈዋል፤ እኔ ይህ የአጻጻፍ ጥበት መስሎኝ ነበር።

«እነዚህን ለየብቻ ሰጠሃቸው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ስህተት ሠራሁ እንዴ?»

ስህተት እንዳልሆነ ነገሩኝ። ጠዋት የሚሠራው ሰብሩቲን ሲጨርስ ማታ ለሚሠራው ቦታውን እንዲለቅለት አድርገው ሆን ብለው አንድ ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር። ፕሮግራሙን የጀመሩበት ኮምፒውተር ሜሞሪውን በ 64 ኪሎባይት ክፍልፋዮች የሚያይ ነበር፤ የኮምፓይለራቸው አንድ አሬይ ከዚያ ማለትም ከ 65,536 ባይት ማለፍ አይችልም። የኤ ርዝመት 16,000 የሆነው ለዚህ ነው፤ በ 4 ባይት ሲባዛ 64,000። ያን ቁጥር ለዓመታት ሳየው በዘፈቀደ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ እርሳሳቸውን አንስተው በደብተሩ ላይ የሁለቱን ስሞች የጋራ ክፍል መሀል ለመሀል በአንድ መስመር ከፈሉት፤ ከጎኑም የዕለቱን ቀን ጻፉበት። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው ሰጡኝ።